በፍልሰታ የቀለጠ ሞራ

ባለፈው ክረምት በጠመንጃ ያዥ ሰፈር ጠባብ መንገድ ሳልፍ አንድ ወጣት ከበሮ ሠሪ የበሬ ቆዳ በበርሜል ዘፍዝፎ ደጁ ላይ አስቀምጦታል። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታው እግሬ ቆመ። ልጁ "ይቅርታ እማማ፣ ሸተተዎት አይደል?" ብሎ ክዳን ሊደፋበት ብድግ አለ። "ተወው!" አልኩት። ሳልጮህበት አልቀረሁም፤ ደንግጦ ክዳኑን እንደያዘ ቀረ። ምን ላድርግ? ሰው ከመጥፎ ሽታ ይሸሻል፣ እኔ ደግሞ እንዳይሸፍኑብኝ እለምናለሁ። አፍንጫ ሲነካ ዓይን ያለቅሳል የሚሉት እውነታቸውን ነው። እዚያው ዣንጥላዬን እንደያዝኩ እንባዬ ወረደ።

የዚያ የልጅነቴ ክረምት ሽታ ነው። ጣሊያን አገሩን ይዟል። ቤታችን ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ነበር፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ የሚነሡት የጣሊያን አውሮፕላኖች የቆርቆሮ ጣሪያችንን ሊነኩት ምንም ሳይቀራቸው ያልፋሉ። ሲያልፉ እናቴ የያዘችውን ሁሉ መሬት ታስቀምጥና ወዴት እንደሚታጠፉ ታያለች። ወደ አዋሽ በኩል ከታጠፉ ያን ቀን ምሳ አትበላም።

አባቴ ከቤት ከወጣ ቆይቷል። ለጠየቀን ሁሉ "ጅማ ለንግድ ሄዷል" እንላለን። ሰፈሩ ሁሉ ጫካ እንደገባ ያውቃል፣ ሁሉም "ጅማ እንዴት ነው?" እያለ ይጠይቀናል። እኔ ቂሏ ግን ጅማ ማለት አውሮፕላኖቹ ቦምብ የሚጥሉበት ጫካ ይመስለኝ ነበር። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ሰው ከጅማ ማር ይዞ ሲመጣ፣ እንዴት ተርፎ መጣ ብዬ አፌን ከፍቼ አየሁት።

አንድ ጠዋት ከሰል የምትሸጥ ሴት ግቢያችን ገባች። እናቴ ከሰሉን በእጇ እያገላበጠች የምታማርጥ መሰለች፤ ሴትዮዋም ዋጋ የምትከራከር መስላ ነገረቻት። አባቴ ጭኑን ተመቷል። ከአዋሽ ማዶ ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝቷል፣ ትኩሳት ይዞታል። ከወንዙ ወዲህ ያለችው አክስቴ ልትደብቀው ተዘጋጅታለች፣ ጎረቤቷም ቁስል የሚያክም ወጌሻ ነው። ግን ድልድዩን ጣሊያን ይጠብቀዋል። ጤነኛ ሰው የተነፋ ስልቻ አቅፎ ይዋኛል፤ ጭኑ የተሰበረ ሰው በምን ይዋኛል?

"ወንዙ እስከ መስከረም አይጎድልም" አለች ሴትዮዋ።

"ቁስሉስ እስከ መስከረም ይጠብቃል?" አለች እናቴ። ሴትዮዋ ከሰሉን ገልብጣላት ወጣች።

ከእኛ ጋር የአባቴ አጎት አባባ ደበላ ይኖሩ ነበር። አልጋ ሠሪ ናቸው። ከቆዳ የተተለተለ ጠፍር በእንጨት ላይ እየጠለፉ የሚተኛበትን አልጋ ይሠራሉ። ትንሽ ሰው ናቸው፣ ድምፃቸው ግን የትልቅ ሰው ነው፤ ጣሊያን ከገባ ወዲህ ያን ድምፅ ወዴት እንደሚያስቀምጡት ጠፍቷቸው ብዙውን ጊዜ ዝም ይላሉ። ያን ቀን እናቴ የሰማችውን ስትነግራቸው ብዙ ካሰቡ በኋላ "ቆዳ ያሻግረዋል" አሉ። እኔ በር ኋላ ነበርኩ፤ ነገሩ አልገባኝም።

በማግስቱ ያየሁት ግን ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። አባባ ደበላ እናቴን "እስቲ እዚህ ተኚ" አሏት። መሬት ላይ በጀርባዋ ተኛች። በሸምበቆ ከራሷ እስከ እግሯ ለኳትና "እሱ ካንቺ ስንዝር ይበልጣል" ብለው ሸምበቆውን አስረዝመው ቆረጡ። እኔ እንዲህ ሲለካ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ጎረቤታችን የሞቱ ጊዜ አናጢ መጥቶ። ለአባቴ የሬሳ ሣጥን ሊሠሩ ነው! ደሜ ፈላ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሽማግሌውን ማናገር ተውኩ።

"የሺ፣ ያን ቀርከሃ አቀብይኝ።"

አላቀብልም። ይነሡና ራሳቸው ያመጡታል።

"ይቺ ልጅ ምን ነካት?" ይላሉ ለእናቴ። እናቴ እኔን የምታይበት ልብ የላትም። እሳቸው ቀርከሃ ሰንጥቀው፣ ፍም ላይ እያሞቁ፣ በጉልበታቸው እያጎበጡ እንደ በሬ ጎድን አጥንት ይደረድራሉ። ሁለት ረጃጅም የባሕር ዛፍ ዘንጎችም ከግድግዳው ጋር ቆመዋል። ሚስማር የሚባል የለም፤ ሁሉም በጠፍር ይታሰራል። የሚሠሩት ደግሞ ዝናብ ሲወርድ ብቻ ነው። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲያጓራ ይቆርጣሉ፣ ይቀጠቅጣሉ፤ ሲያባራ እጃቸውን አንሥተው ይቀመጣሉ። ግድግዳም ጆሮ አለው፤ የእኛ ግድግዳ ጆሮ ደግሞ እትዬ ዘነበች ነበሩ።

እትዬ ዘነበች የአጥራችን ማዶ ጎረቤት ናቸው። ልጃቸው ተሰማ ለጣሊያን ያስተረጉማል። ክፉ ሴት አልነበሩም፣ ውሸት አልናገርም። ስታመም ፌጦ በጥብጠው ያጠጡኝ እሳቸው ናቸው። ግን አፋቸው ላይ ክዳን የለም፤ ጠዋት የሰሙትን ማታ ተሰማ ይሰማዋል።

አንድ ቀን አልቻልኩም። አባባ ደበላ ጎድኑን እያሰሩ በለሆሳስ ሲያዜሙ፣ ከእናቴ ጉያ ወጥቼ "አባቴ አልሞተም! ሣጥን አይሥሩለት!" ብዬ ጮህኩ። ሽማግሌው ዘለው አፌን በመዳፋቸው ያዙት። መዳፋቸው ጠፍር ጠፍር ይሸታል። ዓይናቸው አጥሩ ላይ ቀረ። ከማዶ ምንም ድምፅ አልመጣም። ከዚያ ቀስ ብለው ለቀቁኝና ሆዳቸውን ይዘው፣ ድምፅ ሳያወጡ፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ።

"ያ ዋቃ! አምላኬ! አንቺ ልጅ ለካ ለዚህ ነው ያኮረፍሽኝ?" ከጎናቸው አስቀመጡኝ። "እኔ የተወለድኩት ወንዝ ዳር ነው። ክረምት ሲሞላ ጥጃውም፣ አራሷም፣ ሙሽራዋ ሳትቀር በእንዲህ ያለ የቆዳ ታንኳ ነው የምትሻገረው። እንጨቱን ጎድን አድርገሽ ቆዳ ታለብሽዋለሽ፤ ውኃው ይሸከመዋል። ሣጥን ቢሆን ክዳን አይኖረውም ነበር? አየሽ፣ ክዳን የለውም። አባትሽ ሰማይ እያየ ነው የሚሻገር።"

ከዚያ ወዲያ ቀርከሃ የማቀብል ብቻ አይደለሁም፤ ጠባቧን ቋጠሮ ሁሉ የማጠብቅ እኔ ሆንኩ። የእሳቸው ጣት አይገባም፣ የእኔ ይገባል።

ቆዳው የመጣው በቅበላ ነው፣ ፍልሰታ ሊገባ ሲል። ሰፈሩ ለቅርጫ አንድ ትልቅ በሬ አረደ። እናቴ "መደቤን ውሰዱት፣ ለእኔ ቆዳውንና ሞራውን ስጡኝ" አለች። ወንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

"ሥጋ ትቶ ቆዳ የሚወስድ ሰው እኔ አላየሁም!" አሉ እትዬ ዘነበች። "ምን ልታደርጊው ነው አስካለ?"

"አልጋዬ ተበጥሶ መሬት ለመሬት ነው የምተኛው፣ እትዬ። አባባ ደበላ ይጠልፉልኛል።"

"ሞራውስ? እሱንም ትጠልፊዋለሽ?"

ሰው ሳቀ። እናቴም ሳቀች። እጇን ይዤ ነበርና ስትስቅ ጣቶቼን ጭምቅ አድርጋ ያዘቻቸው።

አባባ ደበላ ያሰቡት እንዲህ ነው። ዘንጎቹ የአልጋ እንጨት መስለው ይታሰራሉ፣ ቀርከሃው ይነጠላል፣ ቆዳው መኝታ ላይ እንደሚነጠፍ ጀንዲ ይጠቀለላል። በአህያ ተጭኖ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በጣሊያን ኬላ ፊት አልጋ ሆኖ ያልፋል፤ ወንዙ ዳር ይገጣጠማል። ጥሬ ቆዳ ግን እንደ ሳንቃ ነው፣ አይጠቀለልም። ሞራ መጠጣት፣ በእግር መልፋት አለበት። ሞራ ካልጠጣ አይለሰልስም፣ ውኃም ያሳልፋል። ይህንን ሁሉ አሰቡ። ያላሰቡት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

ዝናቡ አላባራ ብሎ ቆዳው አልጠፈፍ አለ። እየፋቁ፣ በፍም እያሞቁ፣ እየሸተተ፣ ፍልሰታ ገባ። የእመቤታችን ጾም! ሕፃን ሳይቀር የሚጾመው፣ እኛ ልጆች ጧፋችንን ይዘን ለማስቀደስ ቤተ ክርስቲያን የምንሽቀዳደምበት። በዚያ ሳምንት ነው እንግዲህ ቆዳው የተዘጋጀውና አባባ ደበላ የሞራውን ድስት ምድጃ ላይ የጣዱት። ዝናብ ይዘንባል፣ ቆርቆሮው ይጮኻል፣ እናቴ በር ላይ ቆማ ኮቴ ታዳምጣለች። ጆሮን ሲጠብቁ አፍንጫን ረሱት። ሞራው ተንተከተከ፣ ጭሱ በቆርቆሮው ሥር ወጣ፣ እርጥቡ አየር ላይ ተኝቶ አጥሩን ተሻገረ።

"በስመ አብ!" የሚል ድምፅ ከማዶ መጣ።

እናቴ ድስቱን አየች። አባባ ደበላም አዩት። ሁለቱም በዚያች ቅጽበት ገባቸው፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። እኔ ቆዳው ላይ ቆሜ ሞራውን በእግሬ እየረገጥኩ ነበር። እናቴ በአንድ እጇ ጎትታ ጓዳ ከተተችኝ፣ ጎድኑና ቆዳው ላይ ጋቢ ጣለችበት፣ እትዬ ዘነበች ሳያንኳኩ ገቡ።

"በፍልሰታ! በእመቤታችን ጾም ጮማ ታቀልጫለሽ? አስካለ! ምን ጉድ ነው የማየው?"

እናቴ ድስቱን ከምድጃው አወረደች።

"ደግሞ ለማን ነው? አንቺ ብቻሽን ይህን ሁሉ አትበይም።" እትዬ ዘነበች ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ከጩኸቱ ይልቅ ያ ነው ያስፈራኝ። "ሰው አስቀምጠሻል? ከጫካ የመጣ ሰው እያበላሽ ነው? ንገሪኝ። ተሰማ ቢሰማ ቤትሽን ያስፈትሸዋል።"

ጋቢው ከጎድኑ ጫፍ ተንሸራቶ አንዲት ቀርከሃ ታየች። ከጓዳው በር ኋላ ሆኜ አየኋት። እናቴ አንድ እርምጃ ራመድ ብላ ፊት ለፊታቸው ቆመች።

"ማንም የለም እትዬ። እኔ ነኝ የበላሁት። ሆዴ አሸነፈኝ።"

"አንቺ?"

"እኔ። ባሌ የለ፣ ሐዘኑ፣ ብርዱ... አልቻልኩም፣ በላሁ። ልጄም አልቀመሰች፣ ሽማግሌውም አልቀመሱ። ኃጢአቱ የኔ ነው።"

እናቴ በሕይወቷ ጾም ገድፋ አታውቅም። ወልዳኝ አራስ ሳለች እንኳን ዓርብ ሥጋ አልቀምስም ብላ የተጣላች ሴት ናት! እትዬ ዘነበች አማተቡ፣ እንባ እንባ አላቸው፣ ወጡ። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ ሴቶቹ መንገድ ይለቁላታል፤ ለአክብሮት አይደለም። እኔንም ልጆቹ ከማስቀደሻው ሰልፍ "ሥጋ በሊታ" ብለው አባረሩኝ። ጧፌን ሳላበራ በብብቴ ይዤ ተመለስኩ። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ።

የነፍስ አባታችን መጡ። ሽማግሌ ቄስ ናቸው፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እናቴን ትክ ብለው አዩዋት።

"ምን በላሽ?"

"ሞራ፣ አባቴ።"

"ሞራ ብቻውን?"

"አዎ።"

"ሞራ ብቻውን የሚበላ ሰው እኔ አላውቅም።" ዓይናቸው ወደ ግድግዳው ሄደ፣ ወደ ዘንጎቹ፣ ሞራ ወደ ተቀባው ቆዳ። አባባ ደበላ ጠፍር እየተለተሉ ቀና አላሉም። ከሜዳው አውሮፕላን ተነሥቶ ቤቱን አናወጠው፤ እናቴ ሳታስበው ወደ ላይ ቀና ብላ አቅጣጫውን አዳመጠች። ቄሱ ይህንን አዩ።

"እንግዲህ እዚሁ ጓዳሽ ስገጂ ብዬ ላሰናብትሽ?" አሏት በመጨረሻ።

"የለም አባቴ። ሰው የሚያየው ንስሐ ይስጡኝ። በፍልሰታ ጮማ አቅልጣ ያልተቀጣች ሴት፣ ምን ደብቃ ነው ይባላል።"

ቄሱ መስቀላቸውን አወጡ። ሲያሳልሟት እጃቸው ሲቆይ አየሁ። "የጾሙ መፍቻ ዕለት ድንጋይ ተሸክመሽ ደጀ ሰላሙ ላይ ቁሚ። ቅዳሴው እስኪያልቅ።" ወጥተው ደጃፍ ላይ ጫማቸውን ሲያጠልቁ ለአባባ ደበላ "አልጋው ይጥበቅልዎት" አሏቸው። በቃ፣ ይኸው ነው።

ቆዳውን እኔና አባባ ደበላ ስንረግጠው ሰነበትን። ሲለፋ ገጣጠምነው፣ ውስጡ ውኃ ጨመርንበት፤ አንዲት ጠብታ አላሾለከም። ሽማግሌው ድምፅ ሳያወጡ ጨፈሩ። እኔን ውስጡ አስቀምጠው በእጃቸው አወዛወዙኝ፤ ሞራው እየሸተተኝ ጣሪያውን እያየሁ፣ አባቴ የሚያየውን ሰማይ ያየሁ መሰለኝ።

በማግስቱ ጠዋት አባባ ደበላ ሁሉንም ፈታትተው አህያዋን ጫኑ። ከልጅ ጋር ያለ ሽማግሌ ብዙ አይጠረጠርም ተብሎ እስከ ኬላው እኔ ተከተልኩ። ኬላው ላይ አንድ ጣሊያን ጥላ ሥር ተቀምጧል፤ የሚፈትሸው አስካሪ የሚሉት ጠመንጃ የያዘ ጥቁር ወታደሩ ነው።

"ምንድን ነው?"

"አልጋ ነው ጌታዬ። ለወንድሜ ልጅ፣ አራስ ናት።"

አስካሪው ዘንጎቹን በጫማው መታ መታ አደረገ። ቀርከሃውን ነካካ። ከዚያ ወደ ተጠቀለለው ቆዳ ዞሮ ሳንጃውን ዘቅዝቆ ሰካበት። ድምፁን ሰማሁት። ሲመዘው ጫፉ ላይ ሞራ ነበር። እኔ የጮህኩ ይመስለኛል፤ አባባ ደበላ ግን ፈገግ አሉ።

"ቆዳ ነው ጌታዬ፣ አይሞትም።"

አስካሪው ሳቀ። ሳንጃውን ጋቢያቸው ላይ ጠረገና "ይሸታል! ሂድ!" አላቸው። ከኬላው ራቅ ስንል ሽማግሌው ቆሙ፣ እጃቸውን ቆዳው እጥፋት ውስጥ ከተቱ። ጣታቸው በቀዳዳው ወጣ። የተጠቀለለ ቆዳ ነውና አንዴ ሲወጋ እጥፉ ሁሉ ተበስቷል። ፊታቸውን አዞሩብኝ።

ያላበራሁት ጧፍ አሁንም በብብቴ ነበር። አወጣሁና ሰጠኋቸው። "ሰም ነው" አልኳቸው። "ይደፍነዋል?"

ጧፉን አዩት፣ እኔን አዩኝ። "ለእመቤታችን ያሰብሽው ነው?"

"እሷ አትቀየመኝም።"

ግንባሬን ሳሙኝ። "ቀዳዳውን ለማርያም ንገሪያት፣ ለእናትሽ ግን አትንገሪያት" ብለው አህያዋን መቱ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ሁሉ አንድ ቀን ነው የሚመስለኝ። ይዘንባል። አዋሽ እየሞላ ነው ማለት ነው። እናቴ "ኬላውን በደህና አለፉ?" ትለኛለች፤ "አለፉ" እላለሁ። እውነት ነው፣ አልፈዋል። ግን ቀዳዳው ሆዴ ውስጥ ያለ ይመስል እህል አልገባ አለኝ። እናቴ በጾም የደከምኩ መስሏት "አንቺ እንኳን ብዪ፣ ልጅ ነሽ" ትለኛለች። ጧፍ ውኃ ይችላል? አንዲት የልጅ ጧፍ ለስንት ቀዳዳ ትበቃለች? ሰም በፀሐይ ሲቀልጥ እንጂ በውኃ ሲደፍን አይቼ አላውቅም።

ጾሙ የሚፈታበት ዕለት መጣ። እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ከግቢያችን ድንጋይ አንሥታ፣ በትከሻዋ ተሸክማ ወጣች። ትንሹን ትመርጣለች ብዬ ነበር፣ ትልቁን አነሣች፤ ተናደድኩባት። ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመች፣ እኔ ከአጠገቧ። ዝናቡ ያካፋል። የሰፈሩ ሰው ነጭ ለብሶ እያማተበ ያልፋል። ተሰማም በጣሊያን ካፖርቱ አለፈ፤ አይቷት ሳቅ አለ፣ ሌላ ነገር አልጠረጠረም። ለዚህ ነው ለካ የቆመችው! ግን ያኔ ይህ አልገባኝም፤ ድንጋዩን ቀምቼ ብወረውርበት ደስ ባለኝ።

ሰው ከቅዳሴ መውጣት ሲጀምር፣ ከታች በኩል፣ ጭቃ እስከ ጉልበቱ የወጣበት አንድ ሰው ሲመጣ አየሁ። ያለ አህያ፣ ያለ አልጋ። አባባ ደበላ ናቸው። እናቴም አየቻቸው፤ ድንጋዩን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ያዘች። ሽማግሌው በሰው መሃል ሰንጥቀው መጡና፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እያየ፣ ጎንበስ ብለው የእናቴን እግር ሳሙ። ሽማግሌ የልጅ እግር ሲስም! ሰዉ አጉረመረመ። እሳቸው ሲነሡ በጆሮዋ አንድ ቃል ተናገሩ፤ አጠገቧ ነበርኩና ሰማሁት።

"ሰማይ እያየ ተሻገረ።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው አውራ ጣታቸውን አሳዩኝ። ጥፍራቸው ሥር ሰም ነበር።

እናቴ አለቀሰች። ዝናቡና እንባው ተቀላቅሎ በፊቷ ወረደ፣ ድንጋዩን ግን አላወረደችም። ሰው ሁሉ ለኃጢአቷ የምታለቅስ መሰለው። እትዬ ዘነበች ከሴቶቹ መካከል ወጡ፤ እሳቸውም ያለቅሳሉ። ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጥለው እጃቸውን ወደ ድንጋዩ ዘረጉ።

"አምጪው አስካለ፣ ይበቃሻል። ትንሽ ልያዝልሽ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቆመሻል።"

"ይተዉት እትዬ ዘነበች" አለቻቸው እናቴ። "አልከበደኝም።"